በጡረታ ዘመን ለአገልግሎት ባሕር ማዶ መሄድ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 66፣ የባለቤቴ 60 ነው። ልጆቻችንን ድረናል። አሁን ጃማይካ፣ ኪንግስተን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ዓመት ሕፃናትን እንድናስተምር ተጠይቀናል። ባለቤቴ ደም ግፊት አለባት። በዚህ ዕድሜ ከጣና ዳር ተነቅሎ ባሕር መሻገር እግዚአብሔርን መፈታተን አይሆንም? ብንሄድስ እንዴት እንላመዳለን?

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ መሄዱ መፈታተን አይደለም። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ሣራም አብራው ወጥታለች (ዘፍ. 12፥4-5)። መፈታተን የሚሆነው ሐኪም ሳያማክሩ፣ መድኃኒት ሳይዙ «እርሱ ያውቃል» ብሎ መነሣት ነው። የባለቤትዎን የጾም ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር እዚሁ ጨርሱት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችሁን እንድታዘጋጁበት የምፈልገው ግን በዚያ ለሚጠብቃችሁ ክብር ነው። ጃማይካ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ብቻ የሚያስለቅሳቸው ሰዎች አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ራስተፈሪያውያን እርሳቸውን እንደ አምላክ ያዩ ነበርና። ከዚያ በኋላ አቡነ ይስሐቅ በደሴቲቱ ብዙዎችን አስተምረው በሥላሴ ስም አጥምቀዋል። ዛሬም ቢሆን ከኢትዮጵያ በመምጣታችሁ ብቻ እንደ ቅዱስ የሚያያችሁ አይጠፋም። ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራ አማልክት ናችሁ ሲባሉ ልብሳቸውን ቀደው ወደ ሕዝቡ ሮጡ (ሐዋ. 14)። እናንተም ያልተገባችሁን ክብር ገና በር ላይ መልሱት።

ይህ ማለት ግን ሰውየውን አሳፍሩት ማለት አይደለም። ንጉሡን አምላክ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ በዐውደ ምሕረት አትከራከሩት፤ በእምነቱም አትሳቁ። አቂላና ጵርስቅላን አስቡ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ከሮም ተሰድደው በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፉ ኖሩ፤ ኋላም ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ። አጵሎስ በምኩራብ ሲያስተምር የጎደለውን አስተዋሉ፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ገለጡለት (ሐዋ. 18፥26)። በአደባባይ አላዋረዱትም። ስለዚህ ጀበናችሁን በጋቢ ጠቅልላችሁ ያዙ። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ የሚያዳምጥ አስተማሪ፣ የሚናገረው ቃል ይሰማለታል። እኔ ይህን የማምነው ብዙ ሰው በክርክር ሲርቅ፣ በቡና ሲቀርብ ስላየሁ ነው።

ስለ መላመዱ፦ እናንተ የጣና ሰዎች ናችሁና የደንገል ታንኳን ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሸክም ስታመላልስ ከዋለች በኋላ ባለቤቷ ከውኃ አውጥቶ ወደ ዳር ያቆማታል፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ ደንገሉ እስኪደርቅ ድረስ ትቆያለች። ያላረፈች ታንኳ ውኃ ጠጥታ ትከብዳለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት የትኞቹን ቀናት እንደምታርፉ ለደብሩ አስተዳዳሪ ገና ከጅምሩ ንገሩ፤ የሚያስፈልጋችሁን መናገር ስንፍና አይደለም።

በዚያ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ሩዝና ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ያበስላሉና ለጾም ይስማማችኋል። ጨው የበዛበት ደረቅ ዓሣ ግን የአገሩ ዋነኛ ምግብ ቢሆንም፣ ለጾሙም ለደም ግፊቱም አይሆንም፤ በምስጋና እለፉት። ጎረቤቶቻችሁ ገናን ቀድመው ሲያከብሩ እናንተ ጾመ ነቢያት ላይ ትሆናላችሁ። ቢጠሯችሁ ሄዳችሁ እንኳን አደረሳችሁ በሉ፤ ታኅሣሥ 29 ደግሞ እናንተ ጥሯቸው። ልጆቻችሁን ለማነጋገር ባሕር ዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደውሉ፤ በኪንግስተን ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በደብዳቤዎ አላገኘሁም። የባለቤትዎን ሕመም ነገሩኝ እንጂ ሐሳባቸውን አልነገሩኝም። ጥሪው ለሁለታችሁ ከሆነ መልሱም የሁለታችሁ ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፤ ሳያቋርጡም ይስሟቸው። አልሄድም ካሉ፣ ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ለጠየቋችሁ አባቶች በቶሎ ያሳውቁ።