ድረ ገጻችን ገንዘብ ያስገኘልን በማስታወቂያ አልነበረም

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በባሕር ዳር ዙሪያ ለአነስተኛ መስኖ የሚሆኑ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውኃ ፓምፖችን የሚሸጥ ስታርታፕ አቋቁመዋል፤ ድረ ገጽና ብሎግ ሊያሠሩም አስበዋል። ብሎጉ ማስታወቂያ እየለጠፈ በራሱ ገቢ ሊያስገኝ ይችላል ወይ፣ ካልሆነስ ለገበሬው በነጻ ትምህርት መስጫ ማድረጉ ሽያጫችንን ይጎዳዋል ወይ ይላሉ። እኔ በቢሾፍቱ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር የ45 ቀን ጫጩትና መኖ የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት እመራለሁ፤ በአማርኛ ብሎግ መጻፍ ከጀመርንም ዓመታት ስላለፉ ያየሁትን ላካፍላችሁ። የሥራችን ዓይነት ቢለያይም ደንበኛችን ይመሳሰላል፦ ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ከማስታወቂያው ልጀምር፤ እኛም የጀመርነው ከዚያ ነበርና። በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ ለባለቤቱ የሚከፍለውን የጎግልን አድሴንስ በሞከርንበት ጊዜ አማርኛ አገልግሎቱ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጻፍ ያዝን፤ ያ ደግሞ ስለ ዶሮ እርባታ ለብዙ ዓመታት ከጻፉ የኬንያና የህንድ ድረ ገጾች ጋር አፋጠጠን። አድሴንስ ክፍያ የሚልከው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው፤ የእኛ ሒሳብ ሳይሞላ ሥራውን ተውነው። ገንዘቡ አለመምጣቱ ብዙም አላናደደኝም። የቆጨኝ፣ እንግሊዝኛውን ከሚያነቡት ሰዎች አብዛኞቹ ከእኛ አንዲት ጫጩት እንኳ ሊገዙ የማይችሉ መሆናቸውን ዘግይቼ መረዳቴ ነው።

ለውጡ የመጣው ከአንድ ደብተር ነው። ባልደረባዬ ደንበኞች በስልክ የሚጠይቁትን ሁሉ በየቀኑ መመዝገብ ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ስንገልጠው አንድ ጥያቄ በየገጹ ተደጋግሞ አገኘነው፦ «ጫጩቶቼ ቀን ደህና ይውላሉ፣ ሌሊት ይሞቱብኛል፤ ምን ላድርግ?» ይህን ለእያንዳንዱ ደዋይ አሥር አሥር ደቂቃ እየወሰድን ስናስረዳ ኖረናል። በዚያው ሌሊት ወደ ማሳደጊያው ቤት ገብታ በስልኳ ሁለት ፎቶ አነሣች። በመጀመሪያው ፎቶ አምፖሉ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ጫጩቶቹ ከሥሩ ተደራርበው የታችኞቹ እስከማይታዩ ድረስ ተቆልለዋል። በሁለተኛው፣ አምፖሉ ዝቅ ከተደረገ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በሰጋቱራው ላይ ተበታትነዋል፤ አንዳንዶቹም ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ከፎቶዎቹ ሥር የጻፍነው ጥቂት ነበር፦ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ያለው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን፣ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እንዲቀነስ፣ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ደግሞ ጫጩቶቹን ራሳቸውን እንዲመለከት። ከአምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል።

እስከ ዛሬ ከጻፍናቸው ሁሉ ብዙ ደንበኛ ያመጣልን ይህ ገጽ ነው፤ በገጹ ላይ ግን የእኛን ጫጩት ግዙ የሚል አንድም ቃል የለም። ከግርጌው ያለው ስማችን፣ አድራሻችንና የስልክ ቁጥራችን ብቻ ነው። ሰውየው ይደውልና «ፎቶው ላይ ያሉት የእኔኑ ይመስላሉ» ይላል። ያን ዕለት አይገዛም፤ የያዛቸው ጫጩቶች ገና አሉና። በሚቀጥለው ዙር ግን የሚያዝዘው ከእኛ ነው። ይህንን በግምት አይደለም የምናገረው፤ ለድረ ገጹ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ሲም ካርድ አውጥተን ስለነበር በዚያ ስልክ የሚገባውን ጥሪና ከጥሪው የተገኘውን ትእዛዝ ለብቻው እንመዘግባለን። እናንተም ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህን አድርጉ።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ቀላል ነው፦ የምናውቀውን በነጻ እንሰጣለን፣ በመኪና ተጭኖ የሚሄደውን እንሸጣለን። አንድ ጊዜ ከዚህ ወጥተን የመኖ ወጪ ማስያ የኤክሴል ሰንጠረዥ አዘጋጅተን በቴሌብር መሸጥ ጀምረን ነበር። ጥቂት ሰዎች እንደገዙት ሰንጠረዡ ስማችን ተፍቆ በቴሌግራም ሲዞር አገኘነው። ተናደድን፤ ስንረጋጋ ግን ስማችንንና ስልካችንን በየገጹ ራስጌ አስገብተን እኛው በነጻ ለቀቅነው፤ ነጻ የሆነውን ነገር ስም ለመፋቅ የሚደክም ሰው ብዙ አይደለምና። ሌላው የገቢ መንገድ አንባቢው በነጻ እየተጠቀመ ሌላ ወገን የሚከፍልበት ነው። ለምሳሌ በኢትዮጆብስ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያውን በነጻ ያያል፣ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ይህ ግን ብዙ አንባቢ ለሚሰበስብ ገበያ የሚሆን እንጂ ለሦስት ሰዎች የፓምፕ ድርጅት የሚሆን አይመስለኝም። የሚከፍል ወገን እናንተንም ፈልጎ ሊመጣ ይችላል። አንድ የመኖ አቅራቢ ክፍያ መፈጸሙ ሳይገለጽ ምርቱን የሚያሞግስ ጽሑፍ እንድናወጣለት ጠይቆን እምቢ ብለነዋል። ገንዘቡ አላስፈለገንም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ገጽ ስለ ክትባት የምንጽፈውን ማን ያምነናል?

ስለ ክትባት ካነሣሁ ዘንድ የራሳችንን ጥፋት ልናገር። የፈንግል በሽታ ክትባት በመጠጥ ውኃ እንዴት እንደሚሰጥ ስንጽፍ፣ ጫጩቶቹ አስቀድመው ለአንድ ሁለት ሰዓት ውኃ እንዲከለከሉና የተበጠበጠው ክትባት በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ እንዲያልቅ በደንብ አብራርተናል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት ሕያው የሆነውን ክትባት እንደሚገድለው ግን ሳንጽፍ ቀረን፤ ለእኛ በጣም ግልጽ ስለነበር አልታሰበንም። አንዲት ደንበኛችን ጽሑፉን ቃል በቃል ተከትለው በቧንቧ ውኃ ከተቡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈንግል ገባባቸው። ለዚያ ምክንያቱ ክሎሪኑ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም፤ እኛ ግን በገጹ ራስጌ ላይ ስሕተቱን ከታረመበት ቀን ጋር ጽፈን፣ የጉድጓድ ውኃ እንዲጠቀሙ፣ ካጡ ደግሞ በሊትር ከ2 እስከ 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት አስቀድመው እንዲበጠብጡ ጨመርን። ሴትዮዋንም ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። በነጻ የሚሰጥ ምክር በገንዘብ ከሚሸጥ ዕቃ ያነሰ ኃላፊነት የለበትም፤ እንዲያውም ዕቃው ይመለሳል፣ ምክሩ አይመለስም።

አንባቢው ሁልጊዜ ገዢው አለመሆኑም ያልጠበቅነው ነገር ነበር። ለብዙ ጊዜ የምንጽፈው ለአርቢው እየመሰለን ኖረን፣ ከሚደውሉት መካከል በአሜሪካና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ልጆችና ወንድሞች እየበዙ መጡ። ለእናታቸው 50 ወይም 100 ዶሮ ማስገባት ይፈልጋሉ፤ ድረ ገጹን የሚያነቡት እነሱ ናቸው፣ ዶሮውን የሚያረቡት እናቲቱ ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር በአንድ ገጽ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ አጭር መመሪያ አስቀመጥን። ይህንኑ ወረቀት ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም ማባዛት ይችላል ብለን ስለጻፍንበት የግብርና ልማት ሠራተኞችም አባዝተው ያድሉታል። የእናንተም ፓምፕ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ገንዘቡን የሚያወጣው ከማሳው ርቆ የሚኖር ዘመድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት የዶሜይኑን ስም፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ። የእኛን የመጀመሪያ ድረ ገጽ የሠራው ባለሙያ በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሮ፣ አገር ለቅቆ ሲሄድ የሚያድሰው ሰው ጠፋና የሁለት ዓመት ጽሑፍ ከነአድራሻው አጣን። ጽሑፉን በሥዕል መልክ አትለጥፉ፤ ሥዕል ውስጥ ያለ ፊደል ለፍለጋም ለመቅዳትም ያስቸግራል። በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ የምርት መግለጫ ካላችሁም እንደገና ጻፉት፤ ቀድታችሁ ስትለጥፉት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛሬ በዚህ መቸገር አይገባም። የፊደላችን ሌላው ጣጣ ሞክሼዎቹ ናቸው፤ የእናንተ ሥራ ደግሞ የቆመው አጻጻፋቸው ከሰው ሰው ክፉኛ በሚለያይ ሁለት ቃላት ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ «ፀሀይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ «ውኃ»ም «ውሃ» ይባላል። በዋናው ጽሑፍ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑ፤ ሌሎቹን በንዑስ ርእስና በፎቶ መግለጫ ውስጥ አስገቡ፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም አንባቢ አትርሱት። ቴሌግራም አዲስ ጽሑፍ መውጣቱን ለማሳወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን እዚያ የተለጠፈው በሳምንቱ ተቀብሮ ይቀራል፣ የጫጩቶቹ ገጽ ግን ዛሬም ይነበባል።

መጀመሪያ ምን እንጻፍ ካላችሁ፣ ደብተር ይዛችሁ ከስልካችሁ አጠገብ ተቀመጡ እላለሁ። ደብተሩ እስኪሞላ ድረስ ግን ሁለት ነገር መገመት እችላለሁ። አንደኛው የጉድጓድ ጥልቀት ነው፦ ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ከአፉ እስከ ውኃው ያለውን ርቀት እንዴት እንደሚለካ፣ ይህንንም ክረምት ሳይሆን ውኃው በሚሸሽበት በበጋው ማብቂያ ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ በፎቶ አሳዩት። ሁለተኛው የውኃው መጠን ነው። አንድ ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግ፣ ለ1,000 ካሬ ሜትር 5,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህንን ባለ 200 ሊትር 25 በርሜል ብላችሁ ጻፉለት። ገበሬው ሊትሩን ባያሰላ በርሜሉን ያውቀዋል፤ ስሌቱን ሠርቶ የእናንተ ትንሹ ፓምፕ እንደሚበቃው ወይም እንደማይበቃው ራሱ ይደርስበታል። ካልበቃው አይበቃህም በሉት።

ዋጋን በተመለከተ እኔና ባልደረባዬ እስካሁን አልተስማማንም። እሷ ተፎካካሪ ያየዋል ትላለች፤ እኔ ተፎካካሪው ደንበኛ መስሎ ደውሎ ከጠየቀን ቆይቷል እላለሁ። ለጊዜው ዋጋውን ከተጻፈበት ቀን ጋር እያወጣን ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ዋጋ ሳይታደስ እንዳይቀር ዘወትር ሰኞ ጠዋት ገጹን መክፈት የእኔ ሥራ ሆኗል።