ዶክትሬቱ የግድ አይደለም

ሰላም እህቴ። ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ያለሽ ቴራፒስት እንደሆንሽ ጽፈሽ፣ የባለትዳሮችን የወሲብ ችግር ለማከም በክሊኒካል ሴክሶሎጂ ዶክትሬት መያዝ ግድ ነው ወይ ብለሻል።

አይደለም። እንድታክሚ የሚያስችልሽ ስቴቱ የሰጠሽ ፈቃድ ነው። ዶክትሬት ዕውቀት ይጨምራል እንጂ ፈቃድ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎች የሚሄዱት በአሴክት (AASECT፣ የወሲብ አስተማሪዎች፣ አማካሪዎችና ቴራፒስቶች ማኅበር) ሰርተፊኬት ነው፤ እሱ ደግሞ በማስተርስም ይገኛል። የሚጠይቀው ይህን ነው፦ 90 ሰዓት ስለ ወሲብ ትምህርት፣ 60 ሰዓት የሴክስ ቴራፒ ሥልጠና፣ 300 ሰዓት ታካሚ ማየት፣ 50 ሰዓት ከሱፐርቫይዘር ጋር። «ሳር» (SAR) የሚሉት ሥልጠናም አለ (የሚጋጠው አይደለም!)። ስለ ወሲብ ያለሽን የራስሽን አመለካከት የምትፈትሺበት ነው። «ነውር ነው» እየተባልን ላደግን ለእኛ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ታካሚው ሲያወራ አንቺ አፍረሽ አንገትሽን ከደፋሽ ዲግሪው ምን ይፈይዳል?

ማስተማር ወይም ምርምር ካማረሽ ግን ዶክትሬቱን ግቢበት። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና በሰጠው አካል አክሬዲት መደረጉን (ጥራቱ መረጋገጡን) አጣሪ። ስሙ ብቻ የሚያምር ሞልቷል። ፍሎሪዳ ለመሄድ ካሰብሽ ደግሞ እዚያ ራስን «ሴክስ ቴራፒስት» ብሎ ለመጥራት ለብቻው የወጣ ደንብ አለ፤ አስቀድመሽ እዪው።