«አልጠማኝም» ሲሏችሁ፦ ለወጣት ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

በሕክምና ተማሪዎች ፊት ቆሜ የሰውነትን አሠራር ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ ጥማት ከግማሽ ክፍለ ጊዜ በላይ የማልሰጠው ርዕስ ነበር። «ሰው ውሃ ሲያጣ ይጠማዋል፤ ሲጠማው ይጠጣል» ብዬ በቀጥታ ወደ ኩላሊት እሻገር ነበር። በሥራ ዘመኔ ከፈጸምኳቸው ስሕተቶች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የመጣው ግን ቸኩዬ ካለፍኩት ከዚህ ርዕስ ነው።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም ወቅት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ንግግራቸው ተዛብቶና እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም፤ በዚያ ላይ ለደም ግፊታቸው የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ። ውሃ ይጠማቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ኧረ አልጠማኝም፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ቃላቸውን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ቆጥሬ የውሃ እጥረትን ከግምት አወጣሁና ስትሮክ ስፈልግ ዋልኩ። በማግሥቱ ደማቸው ሲመረመር፣ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን የሚገባው የደማቸው ጨው፣ ሶዲየም፣ ከ160 አልፎ ተገኘ፤ ለካ ውሃ ጎድሏቸው ነበር። ድነው ወጥተዋል፤ ያቺ አንድ ቀን ግን የእኔ ዕዳ ናት።

የሳትኩት ነገር ምን ነበር? ጥማት የውሃ እጥረት ራሱ ሳይሆን አንጎል ስለ እጥረቱ የሚሰጠው ፍርድ መሆኑን ነው። በአንጎል ሦስተኛ ክፍተት የፊት ግድግዳ ላይ፣ ደምን ከአንጎል የሚለየው አጥር የሌለባቸው ሁለት ጥቃቅን ስፍራዎች አሉ፤ አንደኛው ሰብፎርኒካል ኦርጋን ይባላል። እዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች ደሙን እንደ ወጥ ቀማሽ በቀጥታ ይቀምሱታል። የደም ጥቅጥቀት፣ ማለትም በደሙ ውሃ ውስጥ የሟሟው ጨውና ሌላ ነገር ብዛት፣ በኪሎግራም ከ285 እስከ 295 ሚሊኦስሞል ከሚሆነው ጠባብ ክልሉ 1 ወይም 2 በመቶ ከፍ ሲል፣ ውሃ ከሴሎቹ ወደ ውጭ ይሳባል፤ ሴሎቹም ይኮማተራሉ፣ የኤሌክትሪክ ምታቸውም ይፈጥናል። መልእክቱ በአንድ በኩል የመጠጣት ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል የሚሠራው ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ፒቱታሪ ከተባለው ዕጢ የኋላ ክፍል ወደ ደም እንዲለቀቅና ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ ያዛል። ተቅማጥ ወይም የደም መፍሰስ ሲያጋጥም ደግሞ ኩላሊት በሚያመነጨው ሬኒን በተባለ ንጥረ ነገር ምክንያት የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን ወደዚያው ስፍራ ደርሶ ጥማትን ይቀሰቅሳል።

የሴሉ መኮማተር ወሳኝ መሆኑን የጠቆመው ሙከራ ቀላልነቱ ያስቀናኛል። ተመራማሪው አልፍሬድ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1937 ለውሾች ጥቅጥቅ ያለ የጨው ውሃ ሲሰጥ ብዙ ውሃ ጠጡ፤ ወደ ሴል ውስጥ በቀላሉ ዘልቆ የሚገባውንና ስለዚህ ሴሉን እምብዛም የማያኮማትረውን ዩሪያ ሲሰጣቸው ግን የጠጡት ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ስዊድናዊው ቤንግት አንደርሰን በፍየሎች ሃይፖታላመስ ውስጥ እጅግ ጥቂት ጥቅጥቅ ያለ የጨው ውሃ ቢወጋ፣ ውሃ ያልጎደላቸው ፍየሎች ወዲያው መጠጣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኪ ኦካ፣ ቻርልስ ዙከርና ባልደረቦቻቸው በብርሃን የሚነቃቁ ሴሎችን ተጠቅመው፣ በዚያችው ሰብፎርኒካል ኦርጋን ውስጥ አንዱ የሴል ቡድን የጠገበችን አይጥ ሲያስጠጣ፣ ጋባ የተባለውን አፋኝ ኬሚካል የሚጠቀመው ሌላው ቡድን የጠማትን አይጥ ከመጠጣት እንደሚያስቆም አሳዩ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን በአንጎል ተመራማሪው በዘካሪ ናይት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 የታየው ነው። አይጧ መጠጣት በጀመረች በአንድ ደቂቃ አካባቢ፣ ውሃው የደሟን ጥቅጥቀት ገና ሳይለውጠው፣ የጥማት ሴሎቿ ዝም ይላሉ። ምግብ ስትበላ ደግሞ ደሟ ገና ሳይጠቅጥቅ ሴሎቹ ቀድመው ይነሣሉ። አንጎል ደሙ እስኪለወጥ አይጠብቅም፤ ከአፍና ከጉሮሮ የሚደርሰውን ምልክት ይዞ ይተነብያል። ትንበያ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

በእርጅና ዘመን የሚሳሳተው ዝምታን በማብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ወንዶችና ወጣቶች ለ24 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ ቆዩ፤ አረጋውያኑ ደማቸው ይበልጥ ጠቅጥቆ ሳለ የጥማት ስሜታቸው ግን ከወጣቶቹ ያነሰ ነበር። ወጣቶችን ግን «ሳይጠማችሁ ጠጡ» እያሉ ማስጨነቅ አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ2002ቱ የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ከዚህም ጋር በእጅጉ የተያያዘው በሩጫው ወቅት ክብደት እስኪጨምሩ ድረስ መጠጣታቸው ነበር። ለጤነኛ ወጣት ጥማቱ ከመፈክር የተሻለ መሪ ነው።

እንግዲህ አንድ አረጋዊ «አልጠማኝም» ሲሏችሁ ቃላቸውን በአክብሮት መዝግቡ፤ ከዚያ ግን ምላሳቸውን እዩ፣ የሽንታቸውን ቀለም ጠይቁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ቁጠሩ፣ ሶዲየማቸውንም በዚያው ቀን አስለኩ። የእኚያን እናት ልጅ ሳሰናብተው «ጠማዎት ወይ ብለህ አትጠይቃቸው፤ ጾሙ ሲፈታ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት በእያንዳንዱ ስኒ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቅርብላቸው» አልኩት። ከፋሲካ በኋላ ለክትትል ሲመጡ እናቲቱ ከሰሱኝ፦ «ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለቡናው ቦታ አጣሁለት፣ ዶክተር።»