ለሱባኤው ክኒኑን ልታቆም ያሰበች እናት

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት እናቴ አዘዞ ትኖራለች። ለደም ግፊቷ በየጠዋቱ አቴኖሎል 50 ሚሊ ግራም መውሰድ ከጀመረች 2 ዓመት ሆኗታል። ሰሞኑን ስትለካ 128 በ78 ስለሆነላት «ግፊቱ ለቆኛል» ብላ በሁዳዴ ለ2 ሳምንት ጠበል ስትገባ ክኒኑን ልታቆመው ነው። ባለፈው ዓመት ክኒኑ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ጠፍቶ 4 ቀን ሳትወስድ ስትቀር፣ ልቧ ደረቷን እየደበደበ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። አሁን ደግሞ የፒያሳን ዳገት ስትወጣ ቶሎ ይደክማታል፤ እጇም ይቀዘቅዛል። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ትውጣለች። ምን ትመክሩናላችሁ?
ልጇ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አቴኖሎል ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አድሬናሊን ልብን የሚቀሰቅስባቸውን መቀበያዎች ስለሚይዙ ልብ ረጋ ብሎ ይመታል፤ ኩላሊትም ግፊት የሚያስጨምረውን ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ማመንጨቱን ይቀንሳል። እንግዲህ 128 በ78 የሚያሳየው መድኃኒቱ መሥራቱን ነው፤ በሽታው ለመልቀቁ ማስረጃ አይሆንም።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ የእነዚያ የ4 ቀናት ታሪክ ነው። መቀበያዎቹ ለረጅም ጊዜ ሲያዙበት ሰውነት ተጨማሪ መቀበያ ያበጃል፤ ስለዚህ ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊን ከወትሮው በበዙ በሮች ይገባል። ልብ የሚደልቀውና ግፊት የሚያሻቅበው በዚህ ምክንያት ነው፤ የልብ ደም ሥራቸው በጠበበባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የደረት ውጋትና ለሞት የሚያደርስ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ማቆም የግድ ቢሆን እንኳ ሐኪሙ መጠኑን በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆማል እንጂ በአንድ ጠዋት አይተውም። ክኒኑ ሊያልቅ 10 ቀን ያህል ሲቀረው አስቀድሞ መግዛትም ያለፈውን ዓመት ጭንቀት ያስቀራል።

ጾሙ ራሱ እንቅፋት አይሆንም። አቴኖሎል በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ የሚዋጥ ክኒን ስለሆነ፣ እናትዎ ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ሰዓቱን ወደ ማታው ማዕድ ሊያዛውሩት ይችላሉ። አንድ ቀን ቢረሱ በማግሥቱ ሁለት አይውጡ። ጠበሉንና መድኃኒቱን ማጋጨትም አያስፈልግም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር። ይሁን እንጂ ቤታ ብሎከር እጅና እግርን ስለሚያቀዘቅዝ፣ በጎንደር የንጋት ብርድ ተጠምቀው ሲወጡ ቶሎ ይልበሱ፤ ውኃ ሳይጠጡ ከዋሉም ከተቀመጡበት በዝግታ ይነሡ።

ድካሙ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ለማወቅ የልብ ምታቸውን ይቁጠሩላቸው። 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር በእጅ አንጓቸው ላይ ሁለት ጣትዎን አሳርፈው፣ ሰዓት እያዩ ለ60 ሴኮንድ ይቁጠሩ። ከ50 በታች ከሆነ ወይም ራሳቸውን የሚያዞራቸው ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪማቸው ያሳውቁ።

ዳይክሎፌናክን በተመለከተ ግን ቅር ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እንደ ከረሜላ የሚውጠው ይህ ማስታገሻ ግፊትን ይጨምራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ አቴኖሎል ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማችና የልብ ምቱን ከሚገባው በላይ ያዘገየዋል። የኩላሊት ምርመራ ያሠሩላቸው፤ ለጉልበታቸውም በፓራሲታሞል መተካት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

በዚያው ቀጠሮ አቴኖሎል የታዘዘበትን ምክንያትም ቢጠይቁ መልካም ነው። ሌላ የልብ ችግር ለሌለበት የግፊት ሕመምተኛ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚጀምሩት እንደ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ባሉ መድኃኒቶች ነው፤ ቤታ ብሎከርን የሚመርጡት በተለይ የልብ ድካም፣ የደረት ውጋት ወይም የልብ ምት መዛባት ሲኖር ነው። እናትዎ አስም ካለባቸው ሳይደብቁ ይናገሩ፤ የመተንፈሻ ቧንቧቸውን ሊያጠብባቸው ይችላልና። የስኳር መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ፣ ስኳራቸው ሲወርድ የሚሰማቸውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ክኒኑ ይሸፍንባቸዋል፤ ላብ ግን አይሸፈንምና በጾም ቀን ድንገት ካላባቸው ስኳራቸውን ወዲያውኑ ያስለኩ።

ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ከጠበሉ ቦታም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።