መልስ፦ ባህር ዳርቻ እርጥብ አሸዋ ላይ ዲቴክተሬ (ብረት መፈለጊያ ማሽኔ) ዝም ብሎ ይጮሃል
ወንድሜ ማሽንህ አልተበላሸም፣ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ዲቴክተር እንደ ብረት ቆጥሮት ነው የሚጮኸው። ሴንሲቲቪቲውን (ማሽኑ ምን ያህል ደካማ ምልክት እንደሚሰማ የሚወስነውን) ቀነስ አድርግና ግራውንድ ባላንሱን (የመሬቱን የራሱን ምልክት እንዳይቆጥር የሚያደርገውን) እዛው እርጥቡ ላይ አስተካክለው፣ ካልሆነ መልቲ ፍሪኩዌንሲ (በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሰራ) ማሽን ነው የሚያዋጣህ። ለበዓል ባህር ዳርቻው ላይ የነበረው ሰው አሁን መሄዱ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ከደረቁ አሸዋ ነው የምጀምረው፣ ሰው ፎጣ አንጥፎ ከተኛበት መስመር፣ ሳንቲሙ ሁሉ ከኪስ የሚራገፈው እዛ ነው፣ ማሽንህም አይረብሽህም። ቀለበት ካማረህ ውሃው ሲሸሽ ጠብቀህ ውረድ፣ ጣት በቀዝቃዛ ውሃ ሲኮማተር ቀለበት ሾልኮ ይወድቃል። ደግሞ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ላይ የምትነቀለዋን መክፈቻ ድምፅ በዲስክሪሚኔሽን (የማትፈልገውን ብረት ዝም በሚያሰኘው ማስተካከያ) እንዳትዘጋው፣ የወርቅ ቀለበትም ብዙ ጊዜ እንደሷ ነው የሚጮኸው (አዎ፣ ቆሻሻ ስትለቅም ትውላለህ፣ ቻለው)። ጉድጓዱን ብቻ መልሰህ ድፈን፣ ሰው እግሩን ይሰብራል።