ባሕር ይቀየሳል ወይስ ይዳሰሳል?

አንድ አንባቢ "ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መርከቦች እየተረጎምኩ ነው፣ ቀይ ባሕርን ዳሰሱ ብዬ ብጽፍ ኤዲተሬ ሰርዞ ቀየሱ አለው፣ የቱ ነው ልክ?" ብለው ጠይቀውኛል።

ወዳጄ፣ ዳሰሱ ይበሉ። ይሄ ነገር ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው፣ ዳሰሳን ዛሬ መጠይቅ አስሞልቶ ሪፖርት መጻፍ አደረግነውና እጅ ያለበት ቃል መሆኑ ተረሳ።

እስቲ ሥራውን እንየው። ፓሊኑረስ የምትባለው የካፒቴን ሞርስቢ መርከብ ቤናሬስ ከምትባለው ሌላ የእንግሊዝ መርከብ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ የተሰማራችው ከቦምቤይ ስዊዝ የሚመላለሱ ስቲመሮች (የእንፋሎት መርከቦች) ውሃ ውስጥ ያለ የኮራል ቋጥኝ ላይ እንዳይወጡ ካርታ ለማንሳት ነው። በዚያ ዘመን ጥልቀት የሚታወቀው ደግሞ በገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ እርሳስ (ብረቱን ማለቴ ነው) ታስሮ ይጣላል፣ ከእርሳሱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ሞራ ትሞላለች፣ ሲሳብ አሸዋ ወይ የዛጎል ስባሪ ሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣል፣ ምንም ካልያዘ ታች ያለው ድንጋይ ነው። ገመዱም ምልክት አለው፣ 5ኛው ፋዘም ላይ ነጭ ጨርቅ፣ 7ኛው ላይ ቀይ፣ 10ኛው ላይ የተበሳ ቆዳ (አንዱ ፋዘም 1.83 ሜትር ገደማ ነው)፣ ጨርቆቹ ዓይነታቸው ስለሚለያይ መርከበኛው ማታ በጣቱ ነው የሚለያቸው። ይሄ ዳሰሳ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው!

ዘፍጥረት 27 ላይ ይስሐቅ ዓይኑ ፈዞ ያዕቆብን "ዳሰሰው" ይላል አማርኛው፣ ግእዙ ገሰሰ ነው የሚለው፣ ገሰሰ ደግሞ የዐረብኛው ጀሰ ዘመድ ነው፣ ዐረቦች ሰላይን ጃሱስ የሚሉት ከዚያው አውጥተው ነው። "በጨለማ በዳበሳ" የምንለው ዳበሰ ከዳሰሰ ጋር አይዛመድም የሚል አይጠፋም፣ ማስረጃ አምጣ ብባል የለኝም፣ ለጆሮዬ ግን ወንድማማች ናቸው።

የቅየሳ ወገኖች ደግሞ ቀየሰ ከዐረብኛው ቂያስ ጋር አንድ ነው፣ መለካት ነው፣ ባሕርም ይለካል ይላሉ። ልክ ነው፣ ሰዎቹ የብስ ላይ ወርደው ቴዎዶላይት የሚባለውን አንግል መለኪያ ተክለው አንግል ሲይዙ ያ ቅየሳ ነው፣ አልክድም። ሰርቬየርንም ሁላችንም ቀያሽ ማለት ለምደናል፣ ዳሳሽ ብል አንባቢ ሴንሰር ነው የሚመስለው፣ እዚህ ላይ ሳልወድ እጄን ሰጥቻለሁ። ስለዚ ሰዎቹን ቀያሾች ይበሏቸው፣ መርከቧ ግን ውሃው ላይ ሆና እርሳሱ ከተጣለ በኋላ ዳሰሰች እንጂ ቀየሰች አይባልም፣ ኤዲተርዎ ድጋሚ ከሰረዘው የሞራውን ነገር ይንገሩት።