ስምንት አናጺ ላለህ ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጅማ ላይ ስምንት አናጺ ይዘህ ወንበር ታሠራለህ። በሳምንት ብዙ ወንበር ለጨረሰ ጉርሻ መስጠት ከጀመርክ ወዲህ ወንበሩ በዝቷል፤ ግን እግሩ እየተነቃነቀ ይመለስብሃል። «የኛ ሰው ታማኝነት የለውም ወይስ መምራት ያቃተኝ እኔ ነኝ?» ብለሃል።

እኔ የእንጨት ሰው አይደለሁም። ግን እዚሁ ጅማ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት የለቀማ ኃላፊ ነበርኩ። ያንተን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

የተቀሸረው፣ ማለትም ቅርፊቱ የተነሳለት ቡና ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። ሴቶቹ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን በእጃቸው ይለቅማሉ። የሚከፈላቸው በቀን ነበር። አንድ ጊዜ ጭነት ተጣደፈብንና «ብዙ ኪሎ ላወጣች ጭማሪ አለ» አልኩ። በሳምንቱ ኪሎው ተተኮሰ። ደስ ብሎኝ ሻይ ሁሉ ጋበዝኩ። ከዚያ ከጆንያው 300 ግራም ናሙና አውጥተን ስንቆጥር ጥቁሩ ፍሬ እንዳለ አለ። ለካ ላይ ላዩን እየዳሰሱ ነው የሚያሳልፉት። ሁሉንም እንደገና አስለቀምን።

ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና ነገሩን ገለበጥኩት። በወጣው ብልሽት ሚዛን እከፍላለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን የብልሽቱን ጆንያ ብከፍት ግማሹ ደህና ቡና! ማንን ልቆጣ? የከፈልኩበትን ነው ያመጡልኝ።

ስለዚህ ታማኝነት የምትለውን ተዋት። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ትልቅ ባንክ ሠራተኞቹን «ይህን ያህል ሒሳብ ክፈቱ» ብሎ ወጥሮ ያዛቸው። እነሱም ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ ከፈቱ። ነገሩ በ2016 ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ወደ 5,300 ሰው ተባሯል። የሀገር ጠባይ አይደለም።

ደግሞ ከጥያቄህ ሥር አስተያየት ላይ «ቢኤስሲ አስገባ» ያሉህ አሉ፤ የድርጅትን ሥራ በብዙ አቅጣጫ የሚመዝን ዘዴ ነው። አሜሪካኖቹ የሥራ አመራር ሰዎች ካፕላንና ኖርተን በ1992 ሲያቀርቡት ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ደንበኛውን፣ የውስጥ አሠራሩንና የሠራተኛውን ዕድገትም እይ ነው። ግን ከመጋዘኑ በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ግማሽ ዓመት ሲሞላ ሁላችንም ቅጽ ሞልተን ሁላችንም ከ90 በላይ እናገኝ ነበር። የሚያረፍደውም፣ የማያረፍደውም። ለስምንት ሰው ቅጽ ምን ያደርግልሃል?

እኔን ያነቃችኝ አንዲት የቆዩ ለቃሚ እናት ናቸው። «ልጄ፣ አንተ ሚዛኑ ጋ ትቆማለህ እንጂ ጠረጴዛው ጋ መጥተህ አታውቅም» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ወንበሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ የራቁት ጠረጴዛዎች ላይ ደመና ሲሆን ጥቁሩና ደህናው ፍሬ አይለይም። «ሰነፎች» ስላቸው የነበሩት እዚያ የሚቀመጡት ናቸው! አምፖል አስገባን። ከጉርሻው ይልቅ አምፖሉ ሠራ።

ከዚያ የቀን ክፍያውን ትንሽ ከፍ አድርገን በኪሎ መክፈሉን ተውነው። ሳይነገር በሚወሰድ ናሙና ጥሩ ለወጣለት ጠረጴዛ፣ እዚያ ለተቀመጡት ስድስት ሴቶች እኩል የሚደርስ ትንሽ ጭማሪ አደረግን። ይሄም ጣጣ አላጣውም። ዓይኗ የደከመ አንዲት ሴት ነበረች፤ ጓደኞቿ «ጭማሪውን ታስቀሪብናለሽ» እያሉ አስለቀሷት። ጆንያ መስፋት ላይ አዛወርናት። የጋራ ጉርሻ ካሰብክ ይህን ቀድመህ እይ።

ወዳንተ ልምጣ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቢሮህን ትተህ ሥራው ቦታ ዋል። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። ሰዎቹ ለቁጥር ሲሉ ሳይደርቅ እንጨት እየቆረጡ ከሆነ፣ እንጨቱ ደንበኛው ቤት ሲደርቅ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይላላል። ኮላውም ጊዜ ይፈልጋል። ያኔ የሚያስፈልግህ ቆርቆሮ የለበሰ የእንጨት ማድረቂያ ቦታ ነው፤ ቁጣ አይደለም። የሠራው ሰው ከወንበሩ ሥር ምልክቱን ያድርግ። ቁጠር ካልክ በሦስት ወር ውስጥ የተመለሰውን ወንበር ቁጠር። የተመለሰውንም ራሱ የሠራው ይጠግን፤ ግን ሰዓቱን ክፈለው። ካልከፈልከው ይደብቅሃል።

ጉርሻውን ግን በድንገት እንዳታቋርጥ። በእሱ ተማምኖ የቤት ኪራይ የሚከፍል አለ። ቀድመህ ሰብስበህ ንገራቸው፣ ግማሹን ደሞዙ ላይ ጨምርላቸው። እኔ ደሞዝ በሚከፈልበት ቀን ነበር የነገርኳቸው፤ በማግስቱ አሥራ አንድ ሴት አልመጣችም።